ዓይነ ሥውሩ መሐንዲስ

ስለ መጪው ዘመን የሚጽፉ ደራስያን የወደዱትን መፍጠር ይችላሉ። ሰውን በከዋክብት መካከል ያሰፍራሉ፤ ብረትን ያናግራሉ። እንዲህ ያለ ነጻነት የተሰጠው ሰው ዓይነ ሥውሩን ወንድሙን የት ያስቀምጠዋል? ይህን የምንጠይቀው ልብ ወለድ ለመተቸት ብቻ አይደለም፤ ጥያቄው ወደ ራሳችን የክፍል ወንበር የሚያደርስ ስለሆነ ነው።

እንግሊዛዊው ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1904 ባወጣው አጭር ታሪክ አንድ ተራራ ወጪ ከአንዲስ ተራሮች ወድቆ፣ ከትውልድ እስከ ትውልድ ዓይነ ሥውራን ብቻ በሚኖሩበት ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። እነግሥባቸዋለሁ ብሎ ያስባል። ነገር ግን የሸለቆው ቤቶች መስኮት የላቸውም፤ ሕዝቡ በሌሊት ቅዝቃዜ ይሠራል፣ በቀን ሙቀት ይተኛል፤ መንገዶቹም በእግር እንዲለዩ ጠርዝ ተበጅቶላቸዋል። ሊነግሥ የመጣው ሰው በዚያ አገር የሚደናቀፍ ሞኝ ሆኖ ቀረ። ዌልስ እዚህ ላይ ታላቅ ነገር አስተውሏል፤ ይኸውም ጉድለት የምንለው ነገር እኩሌታው ከቤቱና ከመንገዱ አሠራር የሚመጣ መሆኑ ነው። በአዳማ ክዳኑ የተነሣ ቦይ አጠገብ ነጭ በትር ይዞ የሚሄድ ሰው ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል።

እንደዚያ ሸለቆ ያለ ሥፍራ በአገራችንም በእውነት አለ። በቤተ ክርስቲያናችን የአብነት ትምህርት ቤት የቃል ትምህርት ከመምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ ይተላለፋል፤ በሌሊት ያለ መብራት ይጠናል፤ ቅኔም የሚቆጠረው በልብ ነው። ስለዚህ ዓይነ ሥውር ተማሪ ከባልንጀሮቹ እኩል ተቀምጦ ተምሯል፤ ወንበር ዘርግቶ ያስተማረም አለ። ልዩ ቦታ ተዘጋጅቶለት ሳይሆን ትምህርቱ ለሁሉም በጆሮ ስለሆነ ነው። እርግጥ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተቀምጦ የሚለምነውንም አንዘነጋም።

አሜሪካዊው ሮበርት ሃይንላይን እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው ታሪክ ራይስሊንግ የሚባል የጠፈር መርከብ ሞተረኛ በሥራው ላይ ሳለ በጨረር ዓይኑ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮው ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ከዓለም ወደ ዓለም እየዞረ እንደ አዝማሪ ይዘፍናል። ወደ ሞተሩ ክፍል የሚመለሰው በመጨረሻ አንድ ጊዜ ነው፤ አደጋ ሲደርስ በእጁ እየዳሰሰ መርከቡን አድኖ ይሞታል። እንግዲህ ደራሲውን እንጠይቀው። ይህ ሰው ሳያይ ሞተር መጠገን የሚችል ከሆነ፣ ያን ሁሉ ዘመን ለጉርሱ ሲዘፍን ለምን አኖርኸው?

እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 1994 በታየው የ«ስታር ትሬክ» ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ደግሞ ጆርዲ ላ ፎርጅ የሚባል፣ ዓይነ ሥውር ሆኖ የተወለደ መኮንን አለ፤ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ የመርከቡ ዋና መሐንዲስ ነው። ሹመቱ ያስደስታል። ዳሩ ግን ዓይኑ ላይ የሚያጠልቀው መሣሪያ ዓይናማ ሰው የማያየውን ሳይቀር ያሳየዋል። ስለዚህ ሥራውን ያገኘው ዓይነ ሥውርነቱ ከተሸፈነለት በኋላ ነው። (የሚያስቀው ነገር፣ ተዋናዩ ሌቫር በርተን ዓይናማ ሲሆን፣ መሣሪያውን ሲያደርግ አብዛኛው እይታው ይጋረድበት ነበር።)

በእነዚህ ታሪኮች ሁሉ ብርሃንና ጨለማ እንጂ መካከለኛ የለም። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን የተደረገው ብሔራዊ ጥናት ግን ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ሥውር፣ 3.7 በመቶው እይታው የደከመ መሆኑን አመልክቷል። በፊተኛው ወንበር ተቀምጦ ሰሌዳውን በጭላንጭል የሚያይ ተማሪ ከሙሉ ዓይነ ሥውሩ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ሳለ፣ ደራስያኑ አላዩትም።

አሁን ወደ ስምጥ ሸለቋችን እንመለስ። በሻሸመኔ የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት የሕግ ባለሙያ ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ በልጅነታቸው የተማሩት በዚያ ነው። ከእንዲህ ያለ ቤት የሚወጡ ልጆች ጠበቃ፣ መምህር፣ የቋንቋ ሊቅ ይሆናሉ። ሒሳብና ፊዚክስ ላይ ሲደርሱ ግን ብዙውን ጊዜ «ይቅርባቸው፣ አይከብዱባቸው» ተብሎ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይመራሉ። ይህ የሚደረገው በርኅራኄ ስም በመሆኑ ተከራካሪ የለውም፤ ክፋት ቢሆን ኖሮ ብዙዎቻችን በተቃወምነው ነበር። የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ በአዳማ የምንኖር ወጣቶች፣ ልብ ወለዱ እንኳ የፈቀደውን መሐንዲስ እኛ ከሩቁ እንዳንመልሰው እንፈራለን።

በብሬል የተጻፈ የሒሳብ መጽሐፍ ከሌለ፣ መምህሩም ካልሠለጠነ እንዴት ይሆናል የሚል ይኖራል። ችግሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን የመጽሐፍ እጦት እንጂ የተማሪው አእምሮ እጦት አይደለም። ዓይነ ሥውር ሆኖ የተወለደው የሒሳብ ሊቅ አብርሃም ኔሜት የሒሳብን ምልክቶች በብሬል የሚጽፍበትን ሥርዓት ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1952 አሳትሟል። የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ የሆነችው ዋንዳ ዲያዝ መርሴድ በተማሪነቷ ዘመን እይታዋን ብታጣም፣ ከከዋክብት የሚሰበሰበውን ቁጥር ወደ ድምፅ ለውጣ በጆሮዋ ትመረምራለች።

ኔዘርላንድ የተወለደው ኼራት ፈርሜይ ደግሞ ዓይኑን ያጣው በሦስት ዓመቱ ነው። በአሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ስለ ዛጎል ለማጥናት ባመለከተ ጊዜ ያነጋገሩት መምህር ተጠራጠሩ። ሆኖም በወሬ አላሰናበቱትም፤ ዛጎሎቹ ወደተቀመጡበት ክፍል ወስደው አንዱን በእጁ አስያዙት። ዳስሶ ስሙን ነገራቸው። ሌላ ጨመሩለት፤ የዚያንም ነገራቸው። ተቀበሉት።