ከተማ በወሬ አይፈረድበትም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች፤

ከነፋስ መውጫ ወደ ዩኒቨርሲቲ በሄድሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በአንድ ከተማ ሰዎች በዘራቸው ምክንያት መገደላቸውን ሰማን። በዚያ ሌሊት የዚያ ከተማ ልጅ የሆነውን የመኝታ ክፍል ጓደኛዬን ሰላም ሳልለው ተኛሁ። እርሱ የሠራው አንዳች በደል አልነበረም። ይህን ኃጢአቴን እንዳስተውል ያደረገኝ አንድ የሀገራችን ሰው ታሪክ ነው።

ኅዳር 4 ቀን 1981 ዓ.ም. ሙሉጌታ ሥራው የተባለ የ28 ዓመት ኢትዮጵያዊ በአሜሪካ፣ በፖርትላንድ ከተማ፣ ራሳቸውን በተላጩ ዘረኛ ነጭ ወጣቶች በዱላ ተደብድቦ ሞተ። ከተማዪቱም የራስ ተላጮች ከተማ የሚል ስም ወጣላት፤ ለሙሉጌታ ያለቀሱት ሁሉ በዚያ ስም ተጠሩ። በጥቅምት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በካሊፎርኒያ የሚኖረው የጥላቻ ሰባኪ ቶም ሜትዝገርና ተባባሪዎቹ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንዲከፍሉ ተፈረደ። ያን ጊዜ ክፋቱ ሁሉ ከውጭ የመጣ መሰለ። ነገር ግን ገዳዮቹ እዚያው የሚኖሩ ወጣቶች ነበሩ፤ የኦሪገን ግዛት ሕገ መንግሥትም ጥቁር ሰው እንዳይገባ የሚከለክለውን አንቀጽ እስከ 1926 እ.ኤ.አ. ይዞ ቆይቶ ነበር።

እንግዲህ ወሬ ሁለት ጊዜ ይበድላል፤ አንድ ጊዜ ንጹሑን ከበደለኛው ጋር ይኰንናል፣ ሌላ ጊዜ ቤቱን ሳይመረምር ንጹሕ ነው ይላል።

እግዚአብሔር ግን የሰዶም ጩኸት በደረሰ ጊዜ ወርዶ ሊያይ ወደደ፤ አብርሃምም ስለ ጻድቃን ከ50 እስከ 10 ድረስ ሲለምነው ታገሠው። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ እንዲህ ካደረገ፣ እኛ በስልክ በደረሰን ወሬ እንዴት እንፈርዳለን? ናትናኤል ናዝሬትን በናቀ ጊዜም ፊልጶስ አልተከራከረውም፤ መጥቶ እንዲያይ ጠራው እንጂ።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. ፖርትላንድ፣ ሙሉጌታ በተገደለበት ሰፈር፣ በመንገድ ምልክቶች ላይ ስሙን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፋ ሰቀለች። ከተማ እንዲህ በደሏን ሳትሸሽግ ሟቹን ልታስብ ትችላለች።

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ወጣቶች ሆይ፤ ወሬ ሲነግሩን መላ እንጨምርበት። ማን ገደለ? ማን አለቀሰ? ማንስ ጎረቤቱን ሸሸገ? ብለን እንጠይቅ። በእኛም ቀበሌ ደም ቢፈስ፣ የውጭ ሰው ሥራ ነው ብለን አንሸፍን።

ጓደኛዬን ይቅርታ ስጠይቀው፣ «ሳምንት ሙሉ ሰላምታህን ስጠብቅ ነበር» አለኝ። ሌላ አልተናገረም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።