ስለ ጣልናቸው ልጆች

በከሚሴና በባቲ፣ በሰንበቴና በጨፋ የምትኖሩ ሕዝበ ክርስቲያን ሆይ! በዚህ ዞን ቁጥራችን ጥቂት ነው፤ ከጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። ጥቂትነታችን ያስተዛዝነናል ብለን ነበር። አላስተዛዘነንም። ሁሉ ሁሉን የሚያይበት፣ የእገሌ ልጅ አረማመድና የድምፁ ቃና ቡና ላይ የሚመረመርበት ማኅበር ሆንን።

በዚህ ማኅበር ውስጥ የሚያድግ ልጅ አለ። በሰንበት ትምህርት ቤት ነጭ ለብሶ ይዘምራል፣ ከበሮ ይመታል፣ ሁዳዴን ሳያጎድል ይጾማል። ዐሥራ ሦስት፣ ዐሥራ አራት ዓመት ሲሆነው ልቡ እንደ እኩዮቹ ወደ ሴት እንደማያዘነብል ያውቃል። ለማን ይናገር? ከዐውደ ምሕረቱ የሚሰማው የሰዶምን እሳት ነው፤ ከመንገድ የሚሰማው «ቡሽቲ» የሚለውን ስድብ ነው፤ የንስሓ አባቱ የእናቱም፣ የአባቱም፣ የአክስቱም የንስሓ አባት ናቸው። ስለዚህ ዝም ይላል። ሌሊት ተንበርክኮ ለውጠኝ እያለ ያለቅሳል፤ ጧት ነጠላውን አጣፍቶ ቅዳሴ ይቆማል። እንዲህ የምታነባ ሴት ልጅም አለች፤ እርሷንማ ከነጭራሹ አላየናትም።

እኛስ ምን አደረግን? አይተን እንዳላየ አለፍን፤ ወሬው ሲወጣ ከልጃችን ስማችንን አስቀደምን፤ አጋንንት ይውጣለት ብለን ወደ ጠበል ጎትተን በመቋሚያ ደበደብነው፤ በጋብቻ ይስተካከላል ብለን ምንም የማታውቅ የሰው ልጅ ድረንለት ሁለት ነፍስ አጎሳቆልን፤ ይህም አልሆን ሲል ልብሱን በፌስታል ቋጥረን፣ ጎረቤት ሳይነቃ፣ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በሚያልፈው መኪና አሳፈርነው፤ የት ሄደ ሲሉንም ለሥራ ነው አልን። ዋሸን። ልጅ ጣልን። ከዚያም በሰንበት ቆረብን።

በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ጦርነቱ ከሚሴ ሲደርስ፣ ቤቱ የፈረሰበትን ወገን አስጠግተናል፤ ያለንን ተካፍለን አድረናል። ለባዕድ የከፈትነውን በር ለአብራካችን ክፋይ ዘጋን።

አዲስ አበባስ ምን ጠበቀው? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በቀላል እስራት ይቀጣል። እስራቱ ግን አልበቃንም። በ2011 አንድ የቺካጎ አስጎብኚ ድርጅት የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ እንግዶችን ይዞ ላሊበላ ሊመጣ ነው ሲባል የሞት ዛቻ ጎረፈለት። በ2015 ክረምት የሰዎች ፎቶና ስም በቲክቶክ ቪዲዮ እየተለጠፈ ይገረፉ፣ ይገደሉ ተባለ፤ በዚያው ነሐሴ የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ በሆቴሎችና በመሰል ቤቶች ላይ እርምጃ እየወሰድሁ ነው ብሎ ሕዝቡ እንዲጠቁም ጠየቀ። እርስ በርሳቸው «ዜጋ» የሚባባሉት ልጆች ስልክ እየቀየሩ፣ የተከራዩትን ቤት እየጣሉ ሲሸሸጉ፣ ያን ቪዲዮ በስልካችን ተቀባበልነው። ከሚሳደዱት መካከል ከበሮ ሲመታልን ያደገ ልጅ ይኖር ይሆን ብለን አልጠየቅንም።

ቤተ ክርስቲያን ሥርዓቷን ትሻር ወይ የሚል ይኖራል። ሥርዓት ልሽር አልተነሣሁም፤ ትምህርቷን ሁላችንም እናውቃለን። ያው ትምህርት ዝሙትን፣ ሐሜትን፣ አራጣንና ደም ማፍሰስን በአንድ አፍ ያወግዛል። አራጣ አበዳሪውን ግን ከፊት ወንበር አስቀመጥነው፤ ውሽማ ያስቀመጠውን ባለጠጋ በሰበካ ጉባኤ ሾምነው፤ አንዳች ያላደረገውን የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ በልቡ ስላለው ኰነንነው። ይህ ለሃይማኖት መቅናት አይደለም። ጭካኔ ነው።

ክርስትናችንስ በማን በኩል ገባ? በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 በተጻፈው፣ አበው ባኮስ በሚሉት ጃንደረባ አይደለምን? ግብረ ሰዶማዊ ነበር አልልም፤ በሥጋው ምክንያት የኦሪት ሕግ ከጉባኤ የከለከለው ሰው ነበር እላለሁ። እንዲህ ሆኖም ሊሰግድ ኢየሩሳሌም ድረስ ወጣ። ሲመለስ ፊልጶስ ሠረገላው ላይ ወጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ፤ የሚያነበውን ተረጎመለት፤ ውኃ ሲያገኙም አጠመቀው። ሰውነቱን አልመረመረም፤ ስለ እርሱ የሚወራውን ለማንም አልጠየቀም። ዛሬ ወጣቶቻችን ሳይቀሩ በጃንደረባው ስም ተሰባስበዋል። በጃንደረባው እንመካለን፤ እንደ ፊልጶስ ከጎን የሚቀመጥ ግን ከመካከላችን ታጣ።

እንግዲህ ንስሓ እንግባ። ካህናት ሆይ፣ ልጁ የነገራችሁን ለእናቱም ቢሆን አትናገሩ፤ ዱላ ይዞ ወደ ጠበሉ የሚመጣውን አባት ዱላውን አስጥሉት። ሰባክያን ሆይ፣ አፋችሁን ስትከፍቱ ያ ልጅ ከፊታችሁ እንደ ተቀመጠ እወቁ፤ ተቀምጧልና። ቪዲዮውን ያጋራን ሁላችን ዛሬውኑ እናጥፋው፤ አንድም ስም ከአፋችን አይውጣ። ልጃችሁን ያሳደዳችሁ እናቶችና አባቶች፣ ስልኩን አንሡና ደውሉለት። በልቶ ማደሩን ጠይቁት። ለፋሲካ ቤትህ ና በሉት።