መኪናህ ጭነት ከመጀመሩ በፊት

ልጄ፣ አይሱዙ ልትገዛ ነው ሲሉኝ በጣም ደስ አለኝ። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ በደህና ዋጋ ወጥቶልህ፣ የጎደለውን ባንክ ሞልቶልህ ለዚህ መብቃትህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለ ሞተሩ፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ሹፌሩ የሚመክርህ በከተማችን በዋጃ ሞልቷል። ስለ ኢንሹራንሱ ግን የሚያወራህ ስለማይኖር እሱን እኔ ልንገርህ። ዕድሜዬን በዋጃ መንገድ ላይ እህል ሳስጭንና ሳራግፍ ነው ያሳለፍኩት፤ መኪና ሠርቶ ያከበረውንም፣ መኪና ያደኸየውንም አይቻለሁ።

ብዙው ባለመኪና ኢንሹራንስ የሚገባው ለትራፊክ ፖሊስ ነው። ስቲከሩ መስታወቱ ላይ ከተለጠፈ፣ ቦሎው ከታደሰ፣ ከዚያ በኋላ ወረቀቱን የሚያየው የለም። አንተ ግን ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ራስህን አንድ ነገር ጠይቅ፦ ምን ቢደርስብኝ ነው በራሴ አቅም ዳግመኛ የማልነሳው? የተሰበረ መብራት ከኪስህ ታሠራለህ። የተላጠ ቀለም እስከ መኸር ይቆይልሃል። የሰው ሕይወት ቢጠፋ፣ መኪናው ከነባንክ ዕዳው ቢቃጠል፣ ሹፌርህ አልጋ ላይ ቢቀር ግን ያን ቀን ሽንኩርቱም መሬቱም አያድንህም። አረቦንህን፣ ማለትም ለመድኑ የምትከፍለውን ብር፣ መጀመሪያ ለእነዚህ ክፈል። የተረፈህ ካለ ወደ ትናንሾቹ ትመጣለህ።

የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው። በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ መጣ፤ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተካ። ይህ መድን መኪናህ በሌላ ሰው አካል፣ ሕይወትና ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት እንጂ ለራስህ መኪና አንድ ብሎን አይገዛልህም። ከዋጃ ወደ ቆቦ በሚወስደው ሜዳ ላይ ማታ አስፋልቱን የሚያቋርጠው ግመል የሰው ንብረት ነውና እሱ ይካተታል። የአንተ የተጨፈለቀ ጋቢና አይካተትም።

ደግሞ ካሳው ጣሪያ አለው። ፍርድ ቤት ከጣሪያው በላይ ከወሰነ ትርፉን የምትከፍለው አንተ ነህ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለመኪናን የሚይዘው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ነው፤ መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ቢሆንም «እኔ አልነበርኩም» ማለት አያወጣህም። ስለዚህ ግዴታው የሚጠይቀውን ብቻ ከፍለህ አትመለስ። የኃላፊነቱን መጠን ከፍ ለማድረግ ስንት እንደሚጨምሩብህ ጠይቅ። ባለመኪና ከሚያወጣው ብር ሁሉ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

አሁን ማንም ወደማይጽፈው፣ በእኛ አገር ግን ዋናው ወደሆነው ነገር ልምጣ። እግዜር አያድርገውና መኪናህ ሰው ገጭቶ ቢገድል ሽማግሌ ይነሳል። በራያ ቆቦ ዘወልድ አለ፣ በሌላው ወሎ አበጋር አለ፤ ደም ሳይፈስ ደም የሚያደርቁ አባቶች ናቸው። ከእነሱ አትሽሽ። ሐዘንተኛው ቤት ሂድ፣ አልቅስ፣ ለቀብሩና ለተዝካሩ የሚገባህን አድርግ። ይህን ያላደረገ ባለመኪና በዚህ መንገድ ዳግመኛ በሰላም አይነዳም። ግን እዚያው፣ በሐዘኑ መሐል፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይህን ያህል ብር እከፍላለሁ» የሚል ወረቀት እንዳትፈርም። የኢንሹራንስ ውሎች ባለመኪናው ያለ ኩባንያው ፈቃድ ጥፋት እንዳያምንና ካሳ እንዳይዋዋል ይከለክላሉ። ከፈረምክ በሽማግሌ ፊት የቆረጥከውን ብር ኩባንያው «እኔ አልተስማማሁበትም» ሊልህ ይችላል። ያኔ ከቤትህ ሸጠህ ትከፍላለህ።

ለሽማግሌዎቹ በአክብሮት እንዲህ በላቸው፦ «አባቶቼ፣ ዕርቁን እቀበላለሁ፤ ሐዘኑም ሐዘኔ ነው። የካሳው ብር ግን በኢንሹራንስ በኩል ስለሚመጣ ለኩባንያው አሳውቄ፣ ፈቃዱን በጽሑፍ ይዤ ልመለስ።» ዘወልድ ቃል የሚያከብር ሸንጎ ነው፤ ይህን የሚረዳ ሽማግሌ አይጠፋም። የሟች ቤተሰብም ቢሆን ከአንተ በዱቤ ከሚቀበል ከኩባንያው በቼክ ቢቀበል ይሻለዋል።

ለኩባንያው የምታሳውቀው ደግሞ ሲመችህ አይደለም። በንግድ ሕጉ መሠረት አደጋው መድረሱን ባወቅህ በ5 ቀን ውስጥ ነው። ይህ ሕግ የ1952ቱ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ የኢንሹራንሱ ክፍል አልተነካም። ለቅሶው ሦስት ቀን ይወስድብሃል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ደውል፣ ቀጥለህም በጽሑፍ አድርገው። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላኑን እስኪያነሳ መኪናው ከቆመበት እንዳይነቃነቅ ለሹፌርህ ዛሬውኑ ንገረው።

ስለ ሹፌሩ ካነሳን እሱና ረዳቱ የአንተ ሠራተኞች ናቸው። ሦስተኛ ወገን ይሸፍናቸዋል ብለህ አትተማመን። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ በሥራ ላይ ጨርሶ መሥራት እስከማይችል ቢጎዳ፣ ኢንሹራንስ ያልገባ አሠሪ የ5 ዓመት ደመወዙን ያህል ካሳ ይከፍላል፤ ቢሞትም ለጥገኞቹ እንደዚሁ ነው። የእነሱን ሽፋን ለብቻው ጠይቅ። የመንጃ ፈቃዱ ደረጃ ለአይሱዙ የሚበቃ መሆኑንም በዓይንህ አይተህ ኮፒውን ቤትህ አስቀምጥ። ፈቃዱ የማይመጥን፣ ጊዜው ያለፈበት ወይም ጠጥቶ የነዳ ሹፌር ሙሉ ሽፋን ያለውን መኪና ባዶ ያስቀረዋል። የቆቦ ገበያ ዕለት ማሽላው ላይ ሰው የሚደረድር ሹፌርም እንዲሁ። ያቺ የተሳፋሪ ብር ለሹፌሩ የሻይ ናት፤ መዘዟ ግን ላንተ ነው።

ሙሉውን ሽፋን፣ ኮምፕሪሄንሲቭ የሚሉትን፣ ትገባለህ። የባንክ ዕዳ እስካለብህ ድረስ ባንኩ ራሱ ያስገድድሃል። ካሳው ቢመጣ መጀመሪያ የሚወስደው ባንኩ መሆኑን ግን እወቅ። እዚህ ላይ ሰው የሚጎዳው በዋጋው ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ የመኪናውም የመለዋወጫውም ዋጋ አብሮ ወጣ። ውሉን በድሮው ዋጋ እያደሰ የቀጠለ ሰው ግማሽ መኪና ነው ያስመዘገበው። መኪናህ ገበያ ላይ 4 ሚሊዮን ብር እያወጣ አረቦን ለመቀነስ 2 ሚሊዮን ብለህ ብታስጽፍ፣ የ400 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስብህ 400 ሺውን አይሰጡህም። ግማሹን እንዳላስገባህ ተቆጥሮ 200 ሺህ ይሰጡሃል፤ ከዚያም ላይ ውሉ የሚያስቀምጠው ተቀናሽ ይነሳል። ከዋጋው በላይ ብታስጽፍም አይጠቅምህም፤ ካሳ መኪናው ያን ዕለት ከሚያወጣው አይበልጥም። በየዓመቱ ስታድስ ደላሎችን ጠይቀህ ዋጋውን አስተካክል።

ቀጥሎ ውሉ የማይሸፍነውን የሚዘረዝረውን ገጽ አንብብ። እኔ የሚሸፍነውን ከሚዘረዝረው ይልቅ ይህንን ነው ቀስ ብዬ የማነበው። ጦርነትን እኛ በመጽሐፍ አይደለም የምናውቀው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ከአላማጣ እስከ ወልድያ፣ ከዚያም አልፎ፣ የስንቱ መኪናና መጋዘን እንደጠፋ ይህ አገር ያውቃል። በሕጉ፣ ተለይቶ ካልተጻፈ በቀር፣ ጦርነት ያጠፋው ንብረት በመድን አይካስም። ሽፍታና ታጣቂ የሚያደርሰውን ጉዳት ግን ኩባንያዎች ተጨማሪ አረቦን አስከፍለው የሚያስገቡበት አሠራር አለ፤ በሙያው ቋንቋ «ቢ.ኤስ.ጂ.» ይሉታል። ዛሬ በዚህ መንገድ ለሚመላለስ መኪና ይሰጡ እንደሆነና በስንት እንደሚሰጡ በስሙ ጠርተህ ጠይቅ። ካልሰጡህ እንዳልሰጡህ ማወቅህ ራሱ ይጠቅማል፤ መኪናውን የት እንደማትልክ ትወስናለህ።

ጎርፉንም ጠይቅ። የእኛ ጎርፍ ሌላው አገር እንደሚያውቀው አይደለም። ሜዳው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ፀሐይ እየከረረች፣ በምዕራብ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ደረቁን ወንዝ ሞልቶ ይደርሳል። ሹፌሩ ዳር ቆሞ ሲያየው ውሃው ከጎማው እምብርት በታች ይመስለዋል፣ ከኋላው ያለው ክላክስ ያደርግበታል፣ ይገባል። መሐል ሲደርስ ድንጋይና ግንድ ይዞ የሚመጣው ሁለተኛው ውሃ ያገኘዋል። የተፈጥሮ አደጋ በውሉ ውስጥ በግልጽ የተጻፈ መሆኑን አረጋግጥ። ሹፌር አውቆ ወደ ሞላ ወንዝ ቢገባ ምን እንደሚሉም ጠይቃቸው። የተጫነው እህልና ሽንኩርት ደግሞ ከመኪናው ሽፋን ውጭ ነው፤ የሰው ጭነት የምትይዝ ከሆነ የጭነት ኃላፊነት ሌላ ውል ይፈልጋል። ጅቡቲ እንሂድ ካሉህ ከአገር ውጭ የሚሠራውን የሦስተኛ ወገን መድን፣ የኮሜሳውን ቢጫ ካርድ፣ ሳትይዝ ድንበር እንዳታልፍ።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ለሞባይሉና ለቴሌቪዥኑ አትጨነቅ፤ ቢጠፉ ታዝናለህ እንጂ አትወድቅም። ልብህን ሁለት ነገር ላይ ጣል፦ የውሃ ሞተሩና የሚስትህ ወርቅ።

ሞተሩ እንጀራህ ነው። የሚያድረው ግን ማሳ ላይ ነው፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ። ለቤትህ የስርቆትና የእሳት መድን ገብተህ ሞተሩን ከዕቃዎቹ ጋር ብታስመዘግበውና ከማሳው ቢሰረቅ፣ ውሉ ላይ የተጻፈው ቦታ ቤትህ ነውና ካሳ አያመጣልህም። ቦታውን፣ የሞተሩን ቁጥርና ዘበኛ መኖሩን አስጽፍ። እውነቱን አስጽፍ፤ ዘበኛ ሳይኖር አለ ብለህ ከሆነ፣ ሆን ተብሎ የተዋሸ ቃል ውሉን እንዳልነበረ ያደርገዋል።

ወርቁን በጅምላ «ጌጣጌጥ» ብለህ አታስጽፍ። የአንገት ሐብሉን፣ ጉትቻውን፣ ቀለበቱን እየለየህ በግራም ጻፈው፣ ፎቶ አንሣው፣ የወርቅ ቤቱን ደረሰኝ አያይዝ። በወርቅ ዋጋ ላይ ያለው ለውጥ የመኪናውን ያህል ነው፤ እሱም በየዓመቱ ይታደስ። የስርቆት ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ በር ወይም መስኮት ተሰብሮ የተገባበት ምልክት ይፈልጋል። ቁልፉ በር ላይ ተረስቶ የገባን ሌባ፣ ወይም የቤት ሰው የወሰደውን ላይከፍሉህ ይችላሉ። ከገበያ ያመጣኸው ጥሬ ብርም ከዚህ ውስጥ የለም፤ ብሩን ባንክ አስገባው። ባንክ ሳጥን የምታገኝ ከሆነ፣ ለሠርግ ብቻ የሚወጣውን ወርቅ እዚያ ማስቀመጥ በእኔ ዓይን ከኢንሹራንሱ ይበልጣል።

ሃይማኖትህ ወለድ ያለበትን ውል የማይፈቅድልህ ከሆነ ብሔራዊ ባንክ ተካፉል የሚባለውን አሠራር ፈቅዷል፤ የሚሰጠውን ኩባንያ ፈልግ። ኩባንያ ለመምረጥ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን የመንግሥቱን የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ጨምሮ፣ ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ የተከፈቱ ብዙ የግል ኩባንያዎች አሉልህ። በርካሽነት ብቻ አትምረጥ። በዚህ መንገድ አደጋ የደረሰባቸውን ሁለት ሦስት ባለመኪኖች ፈልግና ካሳው በስንት ወር እንደተከፈላቸው፣ መኪናው በየትኛው ጋራዥ እንደተሠራ፣ ገምጋሚው እስከ ዋጃ ድረስ መጥቶ እንደሆነ ጠይቃቸው። ወኪሉ በቃሉ የሚነግርህን ሁሉ «ይህ ውሉ ውስጥ የት ነው የተጻፈው?» በለው።

ውሉ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው፣ በደቃቅ ፊደል። ቸኩለህ እንዳትፈርም። ረቂቁን ስጡኝና ልየው በላቸው፤ ደሴም ሆነ ወልድያ ሄደህ ቢሆን ይዘኸው ና። የእህትህ ልጅ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እንግሊዝኛውን ታንብብልን፣ እኔም ከጎን ልቀመጥ፤ የማይሸፍነውን ገጽ አስቀድመን ብንጀምር ደስ ይለኛል።