«ምንም አልሆነም»

«ስንት ግሬን ነው የምትሞላው?»

የቴሌግራም መልእክቱ የመጣው ሥራ ላይ ሆኜ ነው። የላከው ጓደኛዬ እንደኔ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ይኖራል፤ ሽጉጥም እንደኔው 9 ሚሊሜትር ነው ያለው። ቁጥሩን በቃሌ ስለማውቀው አሥር ሰከንድ አልፈጀብኝም። ሦስት ነገር ጻፍኩለት፦ የባሩዱን ክብደት፣ የአረሩን ክብደት፣ የጥይቱን ጠቅላላ ርዝመት። አውራ ጣት ላከልኝ፤ ወደ ኮዴ ተመለስኩ።

ቁጥሮቹን እዚህ አልደግማቸውም። ያን ቀን መላክ ነበረብኝ ወይ የሚለው ጥያቄ ነው ይህን ያስጻፈኝ።

ነገሩን ለማታውቁት፦ አሜሪካ ውስጥ ጥይቱን ራሱ ቤቱ የሚሞላ ሰው ብዙ ነው። የተተኮሰውን የናስ ቀለሃ ትለቅማለህ፣ ታጸዳለህ፣ ቂጡ ላይ አዲስ ፕራይመር (ስትመታ እሳት የምትሰጠዋን ትንሽ ቆብ) ትሰካለህ፣ ባሩድ መዝነህ ትጨምራለህ፣ ከላይ አረሩን ትተክላለህ። አረሩንም ራስህ ልታፈሰው ትችላለህ፤ እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። እኔን ያስተማረኝ ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጣ ማሽኒስት፣ የድሮ መኪና ጎማ ማመጣጠኛ እርሳስ እየሰበሰበ ጋራዡ ውስጥ ያቀልጥ ነበር። ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ባሩድ? ቤት ውስጥ? አያትህ እንኳ ከነውጅግራቸው እንዲህ አልደፈሩም!» አለችኝ።

ባሩድ የሚለካው በግሬን ነው። አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ነው፤ ለአንድ የ9 ሚሊሜትር ጥይት የሚገባው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ባሩድ አምራቾቹ ማኑዋል ያወጣሉ፤ ለየአረሩ ዓይነት መነሻና ጣሪያ ይሰጣሉ። ከመነሻው ትጀምራለህ፣ በጥቂት በጥቂቱ ትወጣለህ። የተሰጠህ ጣሪያው ብቻ ከሆነ ደግሞ 10 በመቶ ቀንሰህ ጀምር የሚል የቆየ ልማድ አለ። መዳብ ለለበሰ አረር የተሰጠ ቁጥር ለእርሳስ አረር አይሆንም፤ ክብደታቸው እኩል ቢሆንም።

የኔ ቁጥር ከጣሪያው በትንሹ ያለፈ ነበር። ጎረቤቴ ነው የሰጠኝ። «ማኑዋሉን የሚጽፉት ጠበቆች ናቸው» ይላል ሁሌም። አርባ ዓመት ሞልቷል፤ ጣቶቹ አሥርም ናቸው። እኔም 200 ያህል ተኩሼ ፕራይመሮቹን አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ግፊት ሲበዛ ጠፍጣፋ ይሆናሉ ስለሚባል። የኔዎቹ ጠርዛቸው ድቡልቡል ነበር። በቃ፣ ደህና ነው አልኩ።

ያ ነው ስህተቱ፤ ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

.38 ስፔሻል የሚባለውን የሪቮልቨር ጥይት ውሰዱ። የአሜሪካ ኢንዱስትሪ ያስቀመጠለት የግፊት ጣሪያ 17,000 ፒኤስአይ ነው። የታላቅ ወንድሙ የ.357 ማግነም ጣሪያ 35,000 ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት መጠን ያለው ፕራይመር ነው የሚጎርሱት። እንግዲህ .38 ላይ ፕራይመሩ እስኪጠፈጠፍ ብትጠብቅ፣ ምልክቱ ሳይታይህ ከተፈቀደው እጥፍ ልታልፍ ትችላለህ። ከመሬት በታች ያለ ቧንቧን መፈንዳት ግቢው ሲረጥብ ብቻ እንደማወቅ ነው። በሽጉጥ ጥይት ላይ የምልክት አለመኖር ስለ ጣሪያው እምብዛም አይነግርህም፤ ማኑዋሉ ግን የተጻፈው ግፊት በሚለካ መሣሪያ ነው። ጎረቤቴ አርባ ዓመት ያለው፣ መለኪያ ግን የሌለው ሰው ነው።

200 ጥይትስ? እስታትስቲክስ የተማረ ሰው «የሦስት ሕግ»ን ያስታውሳል፦ n ጊዜ ሞክረህ አንድም ካልከሸፈ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ልትል የምትችለው የክሽፈት ዕድሉ ከ3/n አይበልጥም ብቻ ነው። 3 ለ200 ሲካፈል 1.5 በመቶ። ማለትም ያ ሁሉ ድካሜ «ከ67 አንዱ አይፈነዳም» ከማለት በላይ አያስኬደኝም። ፊቴ ፊት ለፊት ለምይዘው ነገር! ለሰርቨር እንኳ የማልቀበለው ቁጥር ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጓደኛዬ የሞላቸውን በፎቶ ላከልኝ። ሦስት መቶ፣ በሳጥን ተደርድረው፣ ያምራሉ። ሳጎላው የአረሩ አፍንጫ ክብ ነው። የኔ ጫፉ ጠፍጣፋና አጠር ያለ ነው። ክብደታቸው አንድ ነው፤ የሱ ግን ረዘም ይላል። እኔ በሰጠሁት ጠቅላላ ርዝመት ሲሰካው የአረሩ ቂጥ ከኔው ይልቅ ወደ ቀለሃው ጠልቆ ገብቷል፤ ለባሩዱ የቀረው ቦታ ጠቧል። እንደ 9 ሚሊሜትር ባለ ትንሽ ቀለሃ ውስጥ ቦታ ሲጠብ ግፊቱ በኃይል ይወጣል። የኔው ቁጥር ደግሞ መጀመሪያውኑ ከጣሪያው ያለፈ ነበር። እኛ ሰፈር «እኔ ማሽን ላይ ይሠራል» የምንለው ቀልድ አለ። ያን ቀን አላሳቀኝም።

ደወልኩለት። «ስልሳ ተኮስኩ እኮ» አለኝ፣ «ምንም አልሆነም። አታካብድ በናትህ።»

ስልሳ። ከሃያ አንዱ።

ዊልያም ክሊፈርድ የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሰው በ1877 ስለ አንድ የመርከብ ባለቤት ጽፎ ነበር። መርከቡ ያረጀ ነው፤ ባለቤቱ ይጠራጠራል፤ ግን ስንት ጊዜ ሄዳ በሰላም ተመልሳለች እያለ ጥርጣሬውን ያባብለዋል፤ ስደተኞች ጭኖ ይልካታል። ትሰምጣለች። ቀጥሎ ክሊፈርድ ይጠይቃል፦ ባትሰምጥስ ኖሮ? መልሱ ጨካኝ ነው፤ ጥፋቱ ያው ነው ይላል። ጥፋቱ ያለው ማመን በማይገባው መንገድ ማመኑ ላይ ነው። በ1976 ደግሞ በርናርድ ዊልያምስና ቶማስ ኔግል በዚሁ ዙሪያ ተወያዩ፤ «የሞራል ዕድል» የሚለው ስም ከዚያ ነው የመጣው። ሰክሮ የነዳ ሰው መንገድ ላይ ሕፃን ስላልገባበት ብቻ ንጹሕ ሆኖ ይተኛል፤ ሌላው በዚያው ጥፋት ወኅኒ ይወርዳል።

እኔ ከክሊፈርድ ጋር ነኝ፤ ግን እሱ ያላነሳው አንድ ነገር ይከነክነኛል። ጎረቤቴ በራሱ ሽጉጥ፣ በራሱ ጣት ላይ መፍረድ መብቱ ነው እል ነበር። (የተኩስ ሜዳው ላይ አጠገቡ የሚቆም ሰው መኖሩን ረስቼ።) ግን ቁጥሩ ከሱ አፍ ወጥቶ ወደ እኔ ሲመጣ ጥርጣሬው አብሮ አልመጣም። እሱ ከጣሪያው ማለፉን ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ጓደኛዬ ዘንድ ሲደርስ ግን ንጹሕ ቁጥር ሆኗል፤ «ከጣሪያ በላይ ነው» የሚል አንድ መስመር አልጻፍኩለትም። ያመነው ቁጥሩን አይደለም፣ እኔን ነው። ኢንጂነር ስለሆንኩ ይሆናል። አደጋውን ለራሴ መርጬው ነበር፤ እሱ ግን ምርጫ መኖሩንም አላወቀም። ይህ ከስህተት ይልቅ ወደ ማታለል የሚቀርብ ይመስለኛል፤ ሳላስበው ያደረግኩት መሆኑ ብዙ አያቀልልኝም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቤቱ ሄድኩ። አረር መንቀያ መዶሻ ይዤ ነበር፤ ጥይቱን ጭንቅላቱ ውስጥ አስገብተህ ጠንካራ ነገር ላይ ትመታዋለህ፣ አረሩም ባሩዱም ይራገፋል። ሁለት መቶ አርባ ጥይት፣ አንድ በአንድ። መጀመሪያ ተኮሳትሮ ነበር። «ማኑዋሉ የት አለ?» ሲለኝ ስልኬ ላይ ገጹን ከፍቼ የእርሳሱን ረድፍ አሳየሁት። ዝም ብሎ አየው። ከዚያ የራሱን ቁጥር አየ፣ እኔን አየ።

«አውቀህ ነው የላክልኝ?»

«አውቄ ነው።»

መዶሻውን ተቀበለኝ። ሚስቱ ቡና አፍልታ ሁለተኛው እስኪደርስ ሰማንያ ያህል ነቅለን ነበር፤ የኮንክሪቱ ድምፅ ልጆቹን አላስተኛ አለ። እርሳስ የነካ እጅ ስለሆነ ቁርሱን ከመንካታችን በፊት ሁለት ሁለት ጊዜ ታጠብን። ወደ ማታ ላይ፣ ሳጥኑ ሊያልቅ ሲል፣ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

«ያንተዎቹንስ ነቀልካቸው?»

ቤቴ፣ መደርደሪያው ላይ፣ በዚያው ቁጥር የሞላኋቸው መቶ ምናምን ጥይቶች ነበሩ። አልነቀልኳቸውም ነበር። ሰኞ ማታ ጀመርኩ።