የእንጨት ሸክምና የካሎሪ ሒሳብ

ከመቱ ወደ ጎሬ በሚወጣው መንገድ ማለዳ ማለዳ በእግሬ መሄድ ከጀመርሁ ሰንብቻለሁ። ሐኪም አዝዞኝ ነው። ጎሬ ድረስ እንኳ አልዘልቅም፤ አንድ ሰዓት ሄጄ እመለሳለሁ። ልጄ የገዛችልኝ የእርምጃ መቁጠሪያ ወገቤ ላይ ሆኖ «240 ካሎሪ» ይለኛል። እኔም ግዴታውን እንደ ተወጣ ሰው ቡናዬን ኮራ ብዬ እጠጣለሁ።

አንድ ቀን እንጨት ተሸክመው ወደ ገበያ ከሚወርዱ አንዲት አሮጊት ጋር ተገናኘን። «ልጄ፣ ባዶ እጅህን ማን ያሳድድሃል?» ሲሉ በኦሮምኛ ጠየቁኝ። «ጉልበት ላወጣ ነው» አልኋቸው። «ጉልበት የሚያወጣ ሥራ አጣህ?» ብለው ሳቁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያ 240 ይከነክነኝ ጀመር።

ለመሆኑ ካሎሪ ምንድን ነው? በምግብ ሒሳብ አንድ ካሎሪ የሚባለው የአንድ ኪሎ ውሃን ሙቀት በአንድ ዲግሪ ከፍ የሚያደርግ ኃይል ነው። ሰው ስንት እንዳቃጠለ አጥብቆ ማወቅ የሚሻ ትንፋሹን መለካት አለበት፤ ሰውነት አንድ ሊትር ኦክሲጅን ሲጠቀም 5 ካሎሪ ግድም ያወጣልና። ጭንብል አጥልቆ ዳገት የሚወጣ ግን የለም። ስለዚህ መሣሪያዎቹ ይገምታሉ። የእኔው እርምጃ ቆጥሮ በክብደቴ ያባዛል፤ ዳገቱንም የኢሉባቦርን ጭቃም አያውቅም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 100 ሜትር ከፍታ ሲወጣ ራሱን ለማንሣት ብቻ 16 ካሎሪ የሚያህል ሥራ ይሠራል። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ሩብ ያህሉን ብቻ ወደ ሥራ ስለሚለውጥ ወጪው 65 ይደርሳል። የልብ ትርታ የሚቆጥሩትም ያን ያህል አይታመኑም። በ2017 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት የእጅ መሣሪያዎችን ሲፈትኑ፣ በካሎሪ ግምት ከሁሉ የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ይስት ነበር። (ልብ እንደሆነች በሦስተኛው ስኒ ቡናም ትመታለች!)

ይህ የመሣሪያ ጉድለት ነው፤ ነገ ይታረም ይሆናል። የኔ ጥያቄ፣ ቁጥሩ ልክ ቢሆንስ? የሚል ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በራሳቸው ወይም በግንባር ማንገቻ መሸከም የለመዱ የኬንያ ሉኦና ኪኩዩ ሴቶች የክብደታቸውን አንድ አምስተኛ ያህል ሲሸከሙ፣ ባዶ እጃቸውን ከሚሄዱበት የበለጠ ኦክሲጅን እንዳልተጠቀሙ አሳየ። ከዚያ በላይ ሲጫንባቸው ነው ወጪው የሚጨምረው። እንግዲህ በትንፋሽ ብቻ ብንፈርድ የመጀመሪያው ሸክም «ምንም» ነው ማለት ነው። ያንኑ እንደኔ ያለ የሚንገዳገድ ሰው ቢሸከመው ግን ብዙ ያቃጥላል። ታዲያ የደከመው ማን ነው? ደመወዝ በተቃጠለ ካሎሪ ቢከፈል ችሎታ ተቀጥቶ መንገዳገድ ይሸለም ነበር። ሴቶቹ ያን ትርፍ ያገኙት ከልጅነታቸው ጀምሮ በተሸከሙባቸው ዓመታት ነው፤ እነዚያን ዓመታት በሊትር የሚለካ የለም።

«እንግዲያው ቁጥሩን ጣለው» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። አልጥለውም። በአገራችን ከ1988 ዓ.ም. የቤተሰብ ወጪ ጥናት ጀምሮ የድህነት መስመር ሲሰላ ለአንድ አዋቂ በቀን 2,200 ካሎሪ መነሻ ሆኗል። እንዲህ ያለ ቁጥር ባይኖር ረሃብ ያፍ ነገር ሆኖ ይቀር ነበር። እኛ ተሸካሚን ማመስገን እናውቅበታለን፤ «ብርቱ ናት» ብለን እናልፋለን። ምስጋናው ምሳ አይሆንም። ይሁንና 2,200ም አማካይ ነው፤ ማን ምን ያህል ተሸክሞ የትኛውን ዳገት እንደ ወጣ አይጠይቅም። ትክክለኛ ልኬት ከኔ ቦርጭ ይልቅ ለኒያ እናት ምሳ ያስፈልግ ነበር፤ መሣሪያው ያለው ግን እኔ ወገብ ላይ ነው።

ባለፈው ሳምንት ዳግመኛ አገኘኋቸው። ሸክሙን ልሞክረው ብዬ ለመንኋቸው። በጀርባዬ አዝዬ መቶ እርምጃ ያህል ሄድሁ፤ ጉልበቴ ተብረከረከ። አውርጄ መቁጠሪያውን ብመለከት አራት ካሎሪ ጨምሯል፤ ልክ ባዶ እጄን እንደምሄድበት ቀን። አሳየኋቸው።

«ይኸ እንጨቱን አላየውም» አሉና፣ እንዳሸክማቸው ጀርባቸውን ሰጡኝ።