የባህል ዕውቀትና የሥራ መሪ ሐቀኝነት

ከሌላ ባህል ሰዎች ጋር ተግባብቶ የመሥራት ችሎታ የሥራ መሪ በሥልጠና የሚቀስመው ሙያ ብቻ ነው ወይስ ከሥነ ምግባሩ የማይነጠል ባሕርይ ነው የሚለው ጥያቄ ጥንታዊ የፍልስፍና መሠረት አለው። አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር ባቀረበው ትምህርት፣ ከሠሪው ውጭ የሆነ ውጤት የሚያስገኘውን የእጅ ጥበብ፣ መልካም ማድረግን ራሱን ግቡ ከሚያደርገው አስተዋይነት ይለያል፤ የመጀመሪያው ያለው ሰው ደግም ክፉም ሊሆን ሲችል፣ ሁለተኛው ግን ከመልካምነት ተለይቶ አይገኝም።

የዘመኑ የአመራር ትምህርት በአብዛኛው ያዳበረው የመጀመሪያውን ነው። ኔዘርላንዳዊው ተመራማሪ ኸርት ሆፍስቴደ በአይ.ቢ.ኤም. ሠራተኞች ከተሞሉ ከ100,000 በላይ መጠይቆች ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጥናት አገሮችን “በሥልጣን ርቀት”፣ ማለትም የበታቾች የሥልጣንን እኩል አለመከፋፈል ምን ያህል እንደ ተገቢ እንደሚቀበሉ በሚያሳይ መለኪያ፣ አነጻጽሯል። መሪው ከዚህ ጥናት የሠራተኛው ዝምታ ሁልጊዜ ስምምነት አለመሆኑን ሊማር ይችላል፤ ሆኖም የአገር አማካይ ስለ አንድ ግለሰብ ስለማይመሰክር፣ እንዲሁም ያንኑ ዕውቀት ለማክበርም ለማታለልም መጠቀም ስለሚቻል፣ መለኪያው ብቻውን አይበቃም።

ለዚህ አንድ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 የጀርመኑ ዳይምለር-ቤንዝና የአሜሪካው ክራይስለር ሲቀላቀሉ ስምምነቱ የእኩያሞች ውሕደት ተብሎ ታወጀ፤ በ2000 ግን የተዋሐደው ኩባንያ መሪ ዩርገን ሽሬምፕ ክራይስለር በኩባንያው ሥር አንድ ክፍል እንዲሆን ከመጀመሪያው ይሹ እንደነበርና እኩልነቱ የተነገረው በሥነ ልቦናዊ ምክንያት መሆኑን ለፋይናንሺያል ታይምስ ጋዜጣ ገለጹ። በ2007 ለተከተለው መለያየት የገበያና የወጪ ምክንያቶችም ነበሩ፤ ይሁን እንጂ አዋጁ የአሜሪካውያኑን ስሜት በሚገባ ያገናዘበ ስለነበር፣ የጎደለው ሌላውን ማወቅ ሳይሆን ለሌላው እውነቱን መናገር ነበር።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው ሥራው ሰው መሣሪያ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም ሲል ትርፍ መሻትን መከልከሉ አልነበረም፤ የከለከለው ሌላው ሰው ቢያውቀው ኖሮ ሊስማማበት የማይችለውን ዓላማ ሰውሮ እርሱን መጠቀምን ነው። በመሆኑም የባህል ዕውቀት ወደ አስተዋይነት የሚያድገው፣ መሪው የሌላውን ልማድ ያጠናበትን ምክንያት ለዚያው ሰው በግልጽ ሊነግረው ሲችልና የሰውየው መልስም የመሪውን ውሳኔ እንዲለውጥ ሲፈቅድ ነው።