እንግዳና ዋጋው

በአራዳ እስከ ዛሬ የሚነገር ወግ አለ። እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን ባስከፈቱ ጊዜ፣ እህልን በገንዘብ ገዝቶ መብላት እንደ ነውር ይታይ ስለ ነበር፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው፣ በልተው ከፈሉ ይባላል። ሆቴሉ ዛሬም ፒያሳ ላይ አለ። ነውሩ ከከተማው ጠፍቷል፤ ጥያቄው ግን ወደ ገጠር ተሻግሯል፤ የመሸበት መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ በሚያድርበት መንደር፣ ለማደሪያ ዋጋ መቀበል ተገቢ ነውን?

የመቄት ገበሬ ለዚህ በሥራ መልስ ሰጥቷል። ከላሊበላ በስተ ደቡብ በሚገኘው በዚህ የሰሜን ወሎ ደጋ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ መንደሮች «ተስፋ» በተባለው ድርጅት አጋዥነት የአገር ጎብኚ ማረፊያ ጎጆዎችን በገደል አፋፍ ላይ ሠሩ። ምግብ አብሳዩም፣ መንገድ መሪውም፣ አህያ ነጂውም የአካባቢው ሰው ነው። ጎጆው የመንደሩ የጋራ ሀብት ሲሆን፣ ከክፍያውም ከግማሽ በላይ የሚሆነው እዚያው ይቀራል።

የእግዜር እንግዳ ዕዳውን በተራ ይከፍላል፤ ዛሬ ያሳደረው ሰው ነገ በእርሱ ደጅ ይመሽበታልና። ከባሕር ማዶ የመጣው ጎብኚ ግን ይህን ተራ ሊመልስ አይችልም። ስለዚህ ከእርሱ ዋጋ መቀበል የድካምን ዋጋ ማግኘት እንጂ ደግነትን መሸጥ አይደለም። ነውሩ ያለው፣ መንደሩ መታያ ሆኖ ጥቅሙ ወደ ሌላ ኪስ ሲገባ ነው። በስሜን ተራሮች ፓርክ የነበሩት የግጭ ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደረገ፤ በ2009 ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጣ። ዋልያን ማዳን ተገቢ ነው። ይሁንና ለዋልያው ሲል መሬቱን የለቀቀው ገበሬ ከጎብኚው ገንዘብ ተካፋይ ካልሆነ፣ ቅርሱ የማን ቅርስ ይባላል?

እርግጥ፣ የእንግዳ ገንዘብ ብቻውን ድህነትን አያጠፋም። በ2012 ወረርሽኙ፣ ከ2013 ጀምሮም ጦርነቱ የጎብኚውን መንገድ ዘጋ። ማረሻውን ሰቅሎ እንግዳ የሚጠብቅ ገበሬ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ይሆናል። ገንዘቡ ወፍጮ፣ የጎለበተ ምንጭ፣ የትምህርት ቤት ጣሪያ ሲሆን ግን እንግዳው ከሄደም በኋላ ይኖራል።

እኛም በብዕርና በቀለም የምንሠራ ሰዎች ብንጠነቀቅ ይበጃል። ጎጆው በሥዕል ማማሩ ጣራው ማፍሰሱን አያስቀርም። መምህሩም፣ ካድሬው፣ ከያኒውም የጎብኚውን ብዛት ከመቁጠር አስቀድሞ፣ የጎጆው ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ ይጠይቅ።